ለአሮጌ ማዝዳ አርኤክስ-7 የቤንዚን አመራረጥና የነዳጅ ችግሮች አፈታት

ማዝዳ አርኤክስ-7 ከ1978 እስከ 2002 በሦስት ትውልድ የተመረተ የስፖርት መኪና ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መኪናው ከሌሎች የሚለየው በሞተሩ ነው። ፒስቶንም ቫልቭም የለውም፤ በእነርሱ ምትክ ጎኖቻቸው ጎበጥ ያሉ ባለሦስት ማዕዘን ሁለት ሮተሮች ሞላላ ቅርጽ ባለው ቤት ውስጥ እየተሽከረከሩ አየርና ቤንዚን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱንም ያስወጣሉ። በዚህ ምክንያት ከተራ መኪና የለመድነው ዕውቀት፣ ቤንዚን ስንመርጥም ሆነ ሞተሩ አልነሣ ሲለን፣ እንዳለ አይሠራም። አንዳንዱ ባለቤት ሞተሩ የማይፈልገውን ውድ ቤንዚን ለዓመታት ሲቀዳ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ የግድ የሚያስፈልገውን ትቶ ርካሹን በመቅዳት ሞተሩን በአንድ ቀን ያጣል።

የትኛው ሞተር እንዳለ መለየት

የመጀመሪያው ትውልድ፣ በተለምዶ ኤፍቢ የሚባለው፣ እስከ 1985 የተመረተ ሲሆን አብዛኛው 12ኤ የተሰኘውን 1146 ሲሲ ሞተር ከካርቡሬተር ጋር ይዟል። በአሜሪካ በ1984 እና በ1985 የተሸጠው ጂኤስኤል-ኤስኢ የሚባለው ዓይነት ግን 13ቢ የተባለውን 1308 ሲሲ ሞተር ከኢንጀክሽን ጋር ይዞ ቀርቧል። ሁለተኛው ትውልድ ኤፍሲ ከ1985 እስከ 1992 ድረስ ሁልጊዜም በ13ቢ ሞተርና በኢንጀክሽን የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ቱርቦ፣ ማለትም አየሩን አስቀድሞ አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ያለውና የሌለው አለ። ሦስተኛው ኤፍዲ ሁሌም ሁለት ቱርቦ አለው። ቱርቦ የሌለው የኤፍሲ ሞተር የእመቃ መጠን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ የሚያሳየው ቁጥር፣ እስከ 1988 ድረስ 9.4 ለ1፣ ከ1989 ወዲህ 9.7 ለ1 ነው። ባለቱርቦው መጀመሪያ 8.5 ለ1 የነበረ ሲሆን በኋላ ወደ 9.0 ለ1 ከፍ ብሏል።

እነዚህ መኪኖች ሠላሳና አርባ ዓመት ያስቆጠሩ በመሆናቸው በመጀመሪያው ሞተራቸው ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። ቱርቦ ያልነበረው መኪና ውስጥ ባለቱርቦ ሞተር መግጠም የተለመደ ስለሆነ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ከማመን ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይሻላል። ቀድሞ የነበረው ባለቤት የኮምፒውተሩን ፕሮግራም፣ ኢንጀክተሮቹን ወይም የቱርቦውን ግፊት ቀይሮ ከሆነም፣ የሚቀጥለው የቤንዚን ምርጫ በፋብሪካው መመሪያ ሳይሆን በተደረገው ለውጥ ይወሰናል።

ኦክቴን

ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ቤንዚኑ ሲታመቅና ሲሞቅ፣ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይፈነዳ ያለውን አቅም የሚያመለክት ነው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ቤንዚኑ ተጨማሪ ጉልበት አይኖረውም፤ ሞተር የሚያጸዱትም በቤንዚኑ ላይ የሚጨመሩ የማጽጃ ቅመሞች እንጂ ኦክቴኑ አይደለም።

ቱርቦ የሌለው የሮታሪ ሞተር በዚህ ረገድ በጣም ታጋሽ ነው። በፒስቶን ሞተር አየሩ የሚገባውም እሳቱ የሚነደውም በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ስለሆነ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ግሎ ቤንዚኑን ያለጊዜው ሊያቀጣጥለው ይችላል። በሮታሪ ግን አየሩ የሚገባበትና እሳቱ የሚነድበት የቤቱ ጎን የተለያዩ ናቸው፤ አየሩ የሚገባው ቀዝቀዝ ባለው በኩል ነው፣ የሚግል ቫልቭም በመንገዱ ላይ የለም። በዚያ ላይ የመቃጠያው ክፍል ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ብዙው ሙቀት ወደ ግድግዳው ያልፋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ሞተሩን ቤንዚን በላተኛ የሚያደርገው ጉድለት ቢሆንም፣ ያለጊዜ መፈንዳትን ግን ይቀንሳል። ስለዚህ 12ኤም ሆነ ቱርቦ የሌለው 13ቢ በአሜሪካ ማደያዎች 87 ተብሎ በሚሸጠው ተራ ቤንዚን በሚገባ ይሠራሉ። ለእነዚህ ሞተሮች 93 የሚቀዳ ባለቤት የልዩነቱን ዋጋ አጠራቅሞ በዓመት አንድ ጊዜ አዳዲስ ካንዴላዎችና ጥሩ ዘይት ቢገዛበት ሞተሩ የበለጠ ይጠቀማል።

ቱርቦ ሲኖር ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ቱርቦው አየሩን አስቀድሞ ስለሚያምቀውና ስለሚያሞቀው፣ ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ከመቀጣጠያው ጊዜ ቀድሞ ሊፈነዳ ይችላል። በፒስቶን ሞተር እንዲህ ያለው ማንኳኳት ለጥቂት ጊዜ ቢደጋገምም ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ በሮታሪ ግን የሚመታው በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ያለውን፣ አፔክስ ሲል የሚባለውን ማሸጊያ ነው። ይህ ሲል ከ1986 ወዲህ በተሠሩት የ13ቢ ሞተሮች 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ሲሰበር ስባሪው የቤቱን ልባጥ እየፋቀ በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል፣ በመንገዱም የቱርቦውን ተርባይን ይመታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሮታሪ ሞተር ድምፁ ብዙ ጊዜ ለጆሮ የማይሰማ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «ካንኳኳ እቀይራለሁ» ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ለባለቱርቦ ኤፍሲና ለኤፍዲ በማደያው ከሚገኘው ከፍተኛውን መቅዳት ብቸኛው ጤናማ ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ የማደያ ቁጥሮች ከአገር አገር አንድ ዓይነት ስሌት እንደሌላቸው ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፓምፑ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የሁለት ዓይነት ልኬቶች አማካይ ሲሆን፣ በአውሮፓ፣ በጃፓንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚለጠፈው ከሁለቱ ከፍተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው 87 በሌላው ስሌት ወደ 91 ወይም 92፣ የአሜሪካው 91 ወደ 95 ወይም 96፣ 93ቱም ወደ 98 ይጠጋል። በዱባይ 91፣ 95 እና 98 ይሸጣሉ፤ ቱርቦ የሌለው መኪና በ91 ወይም በ95 ሲንቀሳቀስ፣ ባለቱርቦው 98 መቅዳት አለበት። በጃፓን ከፍተኛው ቤንዚን 100 አካባቢ በመሆኑ፣ ለዚያ ገበያ የተሠራ ኤፍዲ ወደ ሌላ አገር ሲገባ በዚያ ያለውን ከፍተኛ ቤንዚን ከመቅዳት አልፎ የቱርቦውን ግፊት ከፋብሪካው ልክ እንዳያልፍ መጠበቅ ይኖርበታል። ይህ ልክ በኤፍዲ 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም 0.7 ባር ገደማ ነው። የጭስ ማውጫው በሰፊ ከተተካ በኋላ ግፊቱ በራሱ ከዚህ በላይ እየወጣ መሄድ የተለመደ ስለሆነ፣ አዲስ ማርሚታ ያስገጠመ ሰው የግፊት ማሳያ ሳይገጥም ባይነዳ ይመረጣል።

በኮሎራዶ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ፣ በማደያው 85 የሚል ቤንዚን ይገኛል። ቦታው ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር በዚህ ቤንዚን ያለ ማንኳኳት ሊሠራ ይችላል። ይህ ስሌት ግን ለባለቱርቦ አይሠራም፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር መልሶ ስለሚያምቀው ከፍታው የሚሰጠው እፎይታ ይጠፋል። ተራራ ወርዶ ወደ ቆላ የሚጓዝ ሰውም በታንኩ ውስጥ ያለውን 85 ይዞ መውረድ የለበትም። ካርቡሬተሩ በቆላ ተስተካክሎ ወደ ደጋ የወጣ መኪና ደግሞ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ማውጣትና ካንዴላ ማጥቆር ይጀምራል። ይህ የካርቡሬተር ማስተካከያ ጉዳይ ስለሆነ ቤንዚን በመለወጥ አይፈታም።

እርሳስ ስለነበረው የድሮ ቤንዚን ብዙ ሰው ይጠይቃል። አሮጌ የፒስቶን ሞተሮች እርሳሱን የሚፈልጉት የቫልቭ መቀመጫቸው እንዳይበላ ነበር። ሮታሪ የቫልቭ መቀመጫ ስለሌለው የእርሳስ ምትክ ተብለው የሚሸጡ ጠርሙሶች ለዚህ መኪና ከንቱ ወጪ ናቸው። ኦክቴን ከፍ ያደርጋሉ ከሚባሉት ጠርሙሶች መካከልም የብረት ውሁድ ያለባቸው በካንዴላው ላይ ቀይ ዝቃጭ ስለሚተዉ፣ አስቀድሞም በካንዴላ ረገድ አስቸጋሪ ለሆነው ሞተር ባይጨመሩ መልካም ነው።

ኢታኖል

በአሜሪካ በአብዛኛው ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይይዛል። በኢትዮጵያም ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ስለነበር ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ለሮታሪ ሞተሩ ራሱ 10 በመቶ ኢታኖል ጉዳት የለውም፤ ችግሩ ያለው በአሮጌዎቹ የጎማ ቱቦዎች፣ በካርቡሬተሩ ስስ ጎማዎችና በታንኩ ውስጥ ነው። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ መኪናው ለወራት ከቆመ ውሃና ኢታኖል ከቤንዚኑ ተለይተው ታንኩ ግርጌ ይዘቅጣሉ፤ ፓምፑም መጀመሪያ የሚስበው ያንን ነው። ካርቡሬተር ላለው ኤፍቢ ሌላም ጉዳይ አለ። ኢታኖል ለመቃጠል የሚፈልገው አየር ከቤንዚን ያነሰ ስለሆነ ድብልቁ በጥቂቱ ይሳሳል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ይህን በጭስ ማውጫው ሴንሰር እየለካ ሲያስተካክል ካርቡሬተር አያስተካክልም፤ ስለዚህ ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ ወይም በቀዝቃዛ ጠዋት የሚያመነታ ኤፍቢ፣ ቢገኝ ኢታኖል በሌለበት ቤንዚን መሞከር ተገቢ ነው። ኢ85 የተባለው እስከ 85 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ግን ፓምፑ፣ ኢንጀክተሩና ኮምፒውተሩ ሁሉ ካልተለወጠ በቀር በፍጹም አይቀዳም።

ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ ዘይት

ይህ ሞተር ዘይት ሆን ብሎ ያቃጥላል። አፔክስ ሲሎቹ በደረቁ እንዳይፋጩ አንዲት ትንሽ የዘይት መጣኝ ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት እየቀነሰች ወደ መቃጠያው ክፍል ትልካለች። ስለዚህ ዘይት መቀነሱ በሽታ አይደለም፤ ይልቁንም ፈጽሞ የማይቀንስ ከሆነ ነው ፓምፗን መጠርጠር የሚገባው። ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ ማየት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ከ1989 ወዲህ ባሉት የኤፍሲ ሞዴሎች ይህች ፓምፕ በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ሆናለች፤ ስትበላሽ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይገድበዋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በስሕተት የቤንዚን እጥረት ተደርጎ ይታያል።

ብዙ ባለቤቶች ፓምፗን ብቻ ላለማመን ባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይደባልቃሉ። ፓምፗ እየሠራች ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ 63 ሊትር ለሚይዘው የኤፍሲ ታንክ ይህ ሩብ ሊትር ይሆናል። ፓምፗ ተነቅላ ከሆነ መጠኑ በእጥፍ ወደ 8 ሚሊ ሊትር ያድጋል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ለሲሎቹ ብቸኛ ቅባት ስለሆነ አንድም ቀን መዘንጋት የለበትም። ጭስ የማያበዛ፣ ጃሶ ኤፍዲ የሚል ምልክት (የዘይት ደረጃ ስም እንጂ ከመኪናው ኤፍዲ ጋር አይገናኝም) ያለበት ዘይት ይመረጣል። ዘይቱ ቤንዚኑ ከመቀዳቱ በፊት ወደ ታንኩ ቢገባ፣ ተከትሎት የሚፈሰው ቤንዚን ራሱ ያዋሕደዋል።

ሞተሩ በቤንዚን ሲታፈን

የሮታሪ ባለቤት ከሁሉ አብዝቶ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። መኪናውን ከጋራዥ ለማውጣት ለአንድ ደቂቃ አስነሥቶ፣ ሳይሞቅ አጥፍቶት፣ ከሰዓታት በኋላ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው በፍጥነትና ያለ እንቅፋት ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ብዙ ቤንዚን ይረጭበታል፤ ሳይሞቅ ሲጠፋ ያ ቤንዚን ሳይተን ይቀራል፣ ከግድግዳው ላይ የዘይቱን ስስ ሽፋን ያጥበዋል፣ ሲሎቹም አየር ማመቅ ያቅታቸዋል። ቁልፉ በተደጋጋሚ ሲዞር ደግሞ ተጨማሪ ቤንዚን ይገባል። ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖና «ለስለስ ብሎ» መዞሩ እመቃው መጥፋቱን የሚናገር ምልክት ነው።

መፍትሔው ቤንዚኑን አቁሞ ማድረቅ ነው። ይህ ሥራ በር ተከፍቶ፣ ሲጋራም ሆነ ብልጭታ በሌለበት፣ እሳት ማጥፊያ በአጠገብ ተቀምጦ ይሠራል። በመጀመሪያ የቤንዚን ፓምፑ ወይም የኢንጀክሽኑ ፊውዝ ይወጣል፣ የቦቢናዎቹም ሶኬት ይነቀላል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ሮተር ላይ ከሚገኙት ሁለት ካንዴላዎች የታችኞቹ ይፈታሉ። የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሪኖው በየጊዜው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይዞራል፤ ከካንዴላው ቀዳዳ የሚተፋው የቤንዚን ጉም እስኪቀንስ ድረስ፣ ሞተሪኖው በመካከሉ እየዐረፈ፣ ይደጋገማል። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ ሞተሩ ጥቂት ዙር ይዞራል። ይህ ዘይት ሲሎቹን መልሶ ያሽጋል። አዳዲስ ወይም በደንብ የደረቁ ካንዴላዎች ገብተው፣ ፊውዙና ሶኬቶቹ ከተመለሱ በኋላ፣ ባትሪው በሌላ መኪና ተረድቶ ቁልፉ ይዞራል። ሲነሣ የሚወጣው ጭስ ሠፈር ያስደነግጣል፤ የተጨመረው ዘይት እየነደደ ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ አይጠፋም። በማግሥቱ የዘይት መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ መቀየር አለበት።

ደካማ ባትሪ የዚህ ችግር የቅርብ ዘመድ ነው። ሞተሪኖው ቀርፋፋ ከሆነ ደኅና ሞተርም ቢሆን በቂ እመቃ አይፈጥርም፤ ባትሪ ሳይፈትሹ ሞተር አፍርሱ የሚል መካኒክ ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል። በተደጋጋሚ የሚታፈን ኤፍሲ ከሆነ ደግሞ ቆሞ እያለ ኢንጀክተሮቹ እያንጠባጠቡ ሊሆን ስለሚችል፣ አውጥቶ ማስጠብና ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ካርቡሬተር ባለው ኤፍቢ ተመሳሳይ ጥፋት የሚመጣው ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ ነው። በማዝዳ ላይ የተገጠመው የኒኪ ካርቡሬተር በቤንዚን መያዣዎቹ ላይ ትንንሽ ክብ መስኮቶች አሉት፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የቤንዚኑ ከፍታ በመስኮቱ መካከል መታየት አለበት። ከኋላ በኩል ያለውን መስኮት ለማየት የእጅ መስታወት ያስፈልጋል። ቤንዚኑ መስኮቱን ሞልቶ ካለፈ መርፌው ወይም መቀመጫው ቆሽሿል፤ ከታች ከሆነ ደግሞ ፊልትሮው ወይም ፓምፑ ይታያል።

ቤንዚን ሳይደርስ ሲቀር

ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ኤፍሲ ሲገጥም ቀዳሚው ጥርጣሬ በፓምፑ ላይ ሳይሆን ፓምፑን በሚያዘው ነገር ላይ ሊሆን ይገባል። በእነዚህ ሞዴሎች ፓምፑ መሥራቱን የሚቀጥለው በአየር መለኪያው ውስጥ ያለው ክንፍ በገባው አየር ተገፍቶ ትንሿን ማብሪያ ሲዘጋት ነው። በመለኪያውና በሞተሩ መካከል ያለው ሰፊ የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ፣ አየሩ በስንጥቁ ስለሚገባ ክንፉ አይንቀሳቀስም፣ ፓምፑም ይቆማል። ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው እጥፋት ውስጥ ስለሆነ በእጅ ዳብሶና አጣምሞ መፈተሽ ግድ ነው። ፓምፑ ራሱ መሥራቱን ለማወቅ በኮፈኑ ስር ሁለት ጫፍ ያለው ቢጫ የፍተሻ ሶኬት አለ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ በርቶ ሁለቱ ጫፎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ከኋላ በታንኩ በኩል የፓምፑ ጉርምርምታ መሰማት አለበት። ከተሰማ ጥፋቱ ወደ መለኪያውና ወደ ሽቦው፣ ካልተሰማ ወደ ፓምፑና ወደ ፊውዙ ያመራል።

ቱርቦ የሌለው ኤፍሲ በደቂቃ 3800 ዙር አካባቢ ሲደርስ የመንገጫገጭ ወይም ለቅጽበት የመቆም ጠባዩ የታወቀ ነው። ሁለተኞቹ ኢንጀክተሮች ሥራ የሚጀምሩት እዚያ ስለሆነ ብዙው ሰው ኢንጀክተር ይገዛል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄዱትን የግራውንድ ገመዶች ፈትቶ፣ ዝገታቸውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መልሶ ማሰርን እመክራለሁ፤ ወጪው የአንድ ሰዓት ድካም ነው፣ ችግሩንም በተደጋጋሚ የሚፈታው ይኸው ነው። ካልተፈታ የነዳጅ መስጫውን አቋም የሚለካው ሴንሰር ይስተካከላል፤ ከ1986 እስከ 1988 ባሉት ሞዴሎች ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ላይ ሳለ 1 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። ኢንጀክተር ማስጠብ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ኤፍሲ ያለው ሰው ሌላ ምንም ባያደርግ ይህን አንድ ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። በኢንጀክተሮቹ የቤንዚን መስመር ላይ፣ ከላይኛው የአየር ማስገቢያ ስር ተደብቆ፣ የቤንዚኑን ግፊት ንዝረት የሚያለዝብ ትንሽ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ሲያረጅ ከላዩ ቤንዚን ያፈስሳል፤ ቤንዚኑም በጋለው ሞተር ላይ ይወርዳል፤ በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። መኪናውን እንደ ገዙ በአዲስ መቀየር፣ ወይም ብዙዎች እንደሚያደርጉት አውጥቶ በተገቢው ቦሎን መተካት ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲበራ በኮፈኑ ዙሪያ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ሞተሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሠራ አይነዳም።

ካንዴላ፣ ጭስና እመቃ

ቤንዚንና እሳት የሚምታቱበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ካንዴላዎቹን ማወቅ ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ሮተር ላይ የታችኛው ካንዴላ መጀመሪያ ይለኮሳል፣ የላይኛው ይከተላል። የታችኞቹ ከጠፉ ሞተሩ በጭንቅ ይሠራል ወይም ፈጽሞ አይነሣም። የላይኞቹ ሲጠፉ ግን ሞተሩ እየሠራ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጭስ ማውጫውም ይግላል። ስለዚህ «ቤንዚኑ መጥፎ ነው» ከማለት በፊት የላይኞቹን ገመዶች አንድ በአንድ መፈተሽ ተገቢ ነው። በኋለኞቹ ሞዴሎች የታችኛውና የላይኛው ካንዴላ የሙቀት ደረጃ ይለያያል፤ ኤንጂኬ በተባለው የካንዴላ አምራች አሰያየም የታችኛው 7፣ የላይኛው 9 ነው። 7 ቁጥርን በላይኛው ቀዳዳ ማስገባት በባለቱርቦ ሞተር ላይ ያለጊዜ መፈንዳትን መጋበዝ ነው።

ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ሲነሣ ብቻ ታይቶ ከጠፋ ለአሮጌ ሞተር የተለመደ ሲሆን ሳያቋርጥ ከቀጠለ የዘይት መቆጣጠሪያ ሲሎች ወይም ቱርቦው አልቋል። ጣፋጭ ሽታ ያለው የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ እየተንገጫገጨ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከቀነሰ፣ በቤቶቹ መካከል ያለው የውሃ ሲል ማፍሰሱን ያሳያል። ይህኛው ምንም ዓይነት ቤንዚን ቢቀዳለት አይድንም።

ቤንዚኑም እሳቱም ደኅና ሆነው ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ዳግም አልነሣ ሲል የሚቀረው እመቃ ነው። ተራ የእመቃ መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ፊቶች ትልቁን ብቻ ስለሚያሳይ በዚህ ሞተር ላይ ያታልላል፤ አንደኛው ሲል ተሰብሮም ቢሆን ጥሩ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ሦስቱን ለይቶ የሚያሳይ የሮታሪ መለኪያ ካልተገኘ፣ የተራውን መለኪያ አየር የሚይዝ ቫልቭ አውጥቶ መርፌው ሲዘል መመልከት ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦና ሞተሪኖው እየዞረ፣ መርፌው እኩል ሦስት ሦስት ጊዜ መዝለል አለበት፤ ሁለት ዘለው ሦስተኛው ከደከመ ወይም ከጠፋ አንድ ሲል ሄዷል ማለት ነው። በትክክለኛው መለኪያ ደግሞ በደቂቃ 250 ዙር ላይ እያንዳንዱ ፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር ቢያንስ 6 ኪሎ ግራም ማሳየት አለበት፤ አዲስ ሞተር 8.5 አካባቢ ያሳያል። በአንድ ሮተር ሦስት ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5 ማለፍ የለበትም። ውጤቱ ከ6 በታች ከሆነ ባለቤቱ ፓምፕና ኢንጀክተር መግዛቱን አቁሞ ገንዘቡን ለሞተር እድሳት ማጠራቀም ይጀምር።